ከከዚራ እስከ ታይዋን

አንባቢ ሆይ፤ ከከዚራ ተነሥቼ ታይዋን ገባሁ፤ የከፈልሁትም የባጃጅ ሒሳብ ብቻ ነው ብዬ ብነግርዎ፥ «ይህን መምህር የድሬዳዋ ፀሐይ መትቶታል» ይሉኝ ይሆናል። ነገሩ ግን እውነት ነው። በድሬዳዋ ከተማ ታይዋን የሚባል ገበያ አለ። ሬዲዮ፣ ስልክ፣ ቴሌቪዥን፣ ማራገቢያ፣ የኮምፒዩተር ዕቃ፥ በጠቅላላው ሽቦ ያለው ነገር ሁሉ የሚፈለገው በዚያ ነው። በዕቃው ጀርባ ላይ ምን የአገር ስም ተጽፎ ይመጣ እንደ ነበር ላሰበ ሰው፥ ገበያው ይህን ስም እንዴት እንዳገኘ መገመት አያዳግተውም።

ወደዚህ ገበያ የወሰደኝ አንድ ጥያቄ ነው። ቤት ያለው የጌም ኮምፒዩተሬ ደከመ። ዕቃውን ለውጬ ላሻሽለው፥ ወይስ ያለውን ፕሮሰሰር ከተወሰነለት ፍጥነት በላይ ላስሩጠው? ልጆቹ የመጀመሪያውን «አፕግሬድ»፥ ሁለተኛውን «ኦቨርክሎክ» ይሉታል። እርስዎ ግን «ይህ የልጆች ጨዋታ ነው» ብለው ገጹን እንዳይገልጡት እለምንዎታለሁ። ያለውን አጥብቆ ማሠራት ይሻላል ወይስ ተበድሮም ቢሆን አዲስ መግዛት የሚለው ጥያቄ፥ በወር ደመወዝ የሚኖር ሰው ሁሉ በጫማውም በስልኩም የሚያውቀው ጥያቄ ነው። ድሬዳዋ ደግሞ ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ ከሌላው ከተማ ሁሉ የተሻለች ቦታ መሆኗን ወደ ኋላ አሳይዎታለሁ።

እኔ ተወልጄ ያደግሁት በደብረ ብርሃን ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የምትገኝ፥ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ሣሩን የሚያነጣባት አገር ናት። ኮምፒዩተሩንም የገጣጠምሁት በዚያው ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ተማሪዎችን ቤታቸው እየሄድሁ አስጠና ነበር፤ ከዚያ ከማገኛት ገንዘብ እየቆጠብሁ አንዱን ዕቃ ዘንድሮ፥ ሌላውን በሚመጣው ዓመት እያልሁ አሟላሁት። ፕሮሰሰሩ ራይዘን 5 2600 ነው፤ ግራፊክስ ካርዱ ጂቲኤክስ 1060፥ ራሙ ደግሞ አንድ ባለ 8 ጊጋባይት ፍሬ። ሁሉም ሲገዙ እንኳ አዲስ ፋሽን አልነበሩም፤ ለእኔ ግን ንብረት ነበሩ።

የዛሬ ሁለት ዓመት የፊዚክስ መምህር ሆኜ ድሬዳዋ ስመደብ፥ ኮምፒዩተሩን በጋቢ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አስቀምጬ በአውቶቡስ ተጓዝሁ። ቁልቢን አልፈን ደንገጎ ስንደርስ፥ መንገዱ እንደ እባብ እየተጠማዘዘ ወደ ታች መውረድ ጀመረ። በየመታጠፊያው አንድ ተሳፋሪ ኮቱን ያወልቃል፤ ሌላው ሹራቡን፤ ሌላዋ ነጠላዋን ትገልጣለች። ድሬዳዋ ስንገባ በአውቶቡሱ ውስጥ ጋቢ የለበሰ አንድ ፍጡር ብቻ ቀርቶ ነበር፤ እርሱም ኮምፒዩተሩ ነው። ያን ጊዜ ሣቅሁ እንጂ፥ ከእኔ ይልቅ የቆላው ምደባ እርሱን እንደሚከብደው አላሰብሁም።

ድሬዳዋ በባቡር የተወለደች ከተማ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ወደ ጥንታዊቷ ሐረር እንዲደርስ ታስቦ ነበር። ነገር ግን ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትሆን፥ ከግርጌዋ ያለው ሜዳ 1,200 ሜትር ገደማ ነው። ባቡሩን በዚያ ዳገት ለማውጣት የሚጠይቀው ወጪ እጅግ ከባድ ሆነ። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ሐረርን ትተው ሐዲዱን በሜዳው አሳለፉት፤ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ በደረሰበት ቦታም አዲስ ከተማ ተቈረቈረች። መጀመሪያ ስሟ «አዲስ ሐረር» ነበር። ሐዲዱ ጉዞውን ቀጥሎ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው።

ከተማዋን ደቻቱ የሚባለው ወንዝ ለሁለት ይከፍላታል። በአንዱ ወገን ከዚራ አለ፤ መንገዶቹ በመሥመር የተቀየሱ፥ ግራና ቀኙ በትልልቅ ዛፎች የተጋረደ፥ የባቡር ሠራተኞች ሰፈር ሆኖ የኖረ ነው። በሌላው ወገን መጋላ አለ፤ ጠባብ መንገዶች፣ የተጠጋጉ ቤቶች፣ የንግድ ጫጫታ። አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ በአንድ ሱቅ ደጃፍ፥ አንዳንዴም በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ይገናኛሉ። «እርስዎ» የሚለው ቃል ደግሞ እዚህ ብዙ አይሰማም። ሹሙም ጫኙም «አንተ» ነው፤ በዚህም የሚቀየም የለም። ከደጋ የመጣ መምህር ለመጀመሪያ ጊዜ በተማሪው እናት «አንተ» ሲባል ይደነግጣል፤ በሦስተኛው ወር ግን ይወደዋል።

ጊዜውን የምታዝዘው ፀሐይ ናት። ሰው ጎሕ ሳይቀድ ይነሣል፤ ገበያውም ሥራውም በጧት ያልቃል። ከቀኑ 7 ሰዓት በኋላ መንገዱ ጭር ይላል። ያን ጊዜ የሚተኛው ይተኛል፤ የቀረውም በጥላ ሥር ምንጣፍ አንጥፎ ጫቱን ይዞ ይቀመጣል። ይህን የምጽፈው ማንንም ለመንቀፍ አይደለም፤ የአገሩ ወግ ነው። ለእኔ ግን የኮምፒዩተሩ ነገር ያስጨነቀኝ በዚሁ ሰዓት ምክንያት ነውና ልብ ይበሉልኝ።

ታናሽ ወንድሜ ከእኔ ጋር ነው የሚኖረው፤ በ2017 ዓ.ም. የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነበር። እናታችን ልጁን ስትሰጠኝ «ዓይንህን ከእርሱ እንዳታነሣ» ብላ ነው። እኔ ደግሞ ዓይኔን በሰባ ተማሪዎች ላይ እያሳረፍሁ የምውል ሰው ነኝ። የልጁ ጓደኞች ከምሳ በኋላ ወዴት እንደሚሄዱ አውቃለሁ። እርሱ ወደዚያ አልሄደም፤ ያልሄደውም በእኔ ምክር ጥንካሬ ሳይሆን በኮምፒዩተሩ ምክንያት ነው። ከትምህርት ቤት ሲመለስ አንድ ሰዓት ኳስ ይጫወታል፤ ከዚያም ብሌንደር የሚባለውን በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም ከፍቶ ቤትና መንገድ ይሠራል። በዚያ ዓመት የጀመረው የድሬዳዋን አሮጌ ባቡር ጣቢያ ነበር፤ ግድግዳውንና ሰዓቱን እየሄደ እያየ፥ በስልኩ ፎቶ እያነሣ፥ በኮምፒዩተሩ ላይ ይገነባዋል። ማታ ማታ ደግሞ እኔና እርሱ ፊፋ እንጫወታለን። ብዙውን ጊዜ የሚያሸንፈኝ እርሱ ነው፤ መምህርነቴ በዚያ ሰዓት አይረዳኝም።

እንግዲህ በግንቦት ወር ሙቀቱ ሲበረታ ኮምፒዩተሩ ይንተባተብ ጀመር። ኳሷ ወደ ጎል ስትሄድ ምስሉ ይቆማል፤ ሲመለስ ኳሷ መረብ ውስጥ ናት። ብሌንደሩም በከሰዓት በኋላ አልሠራ አለ። ልጁ ሁለት ቀን ታገሠ። በሦስተኛው ቀን ከምሳ በኋላ ጫማውን ሲያጠልቅ አየሁት። «ወዴት ነው?» ብለው «ከልጆቹ ጋር» አለኝ። ሌላ አልጨመረም፤ እኔም አልጨመርሁም። ያን ለሊት ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ምክር ከሁለት ወገን መጣልኝ። ወንድሜ «ጋሼ፥ ኦቨርክሎክ እናድርገው፤ ገንዘብ አይጠይቅም» አለኝ። በትምህርት ቤታችን የአይሲቲ መምህር የሆነው ባልደረባዬ ደግሞ «አሮጌ ነገር አታስጨንቅ፤ ራይዘን 5 5600 ግዛና ተገላገል» አለ። እርሱ የጠራው ፕሮሰሰር እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ነው፤ ባዮሱ ከታደሰ በእኔው ማዘርቦርድ ላይ ይገባል። ምክሩ መልካም ነው፤ ዋጋው ግን ወደ ሁለት ወር ደመወዜ ይጠጋል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ፥ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ማለፉን ያስታውሳሉ። የኮምፒዩተር ዕቃ ደግሞ ከውጭ ነው የሚመጣው። የሁለት ወር ደመወዝ የሚያህል ገንዘብ አልነበረኝም አልልም፤ ነበረኝ። ነገር ግን በነሐሴ ሁለታችን ደብረ ብርሃን ወጥተን እናታችንን ልናይበት፥ የቤቷንም ቆርቆሮ ልናስጠግንበት ያስቀመጥሁት ነው።

ፊዚክስ የሚያስተምር ሰው ከመወሰኑ በፊት መለካት አለበት። ስለዚህ ሙቀትና ፍጥነት የሚያሳይ በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም ጭኜ፥ አንድ ቴርሞሜትር ከቤተ ሙከራችን ተውሼ፥ ለሦስት ቀን መዘገብሁ። ከጧቱ 12 ሰዓት ክፍሉ 27 ዲግሪ ሲሆን፥ በጨዋታ መካከል ፕሮሰሰሩ 84 ይደርሳል፤ ምስሉም በሰኮንድ 58 ጊዜ ይታደሳል። ከቀኑ 8 ሰዓት ግን ክፍሉ 36 ነው፤ ፕሮሰሰሩም 95 ዲግሪ ይነካል። ይህ ፕሮሰሰር 95 የመጨረሻ ወሰኑ ነው፤ እዚያ ሲደርስ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ያን ጊዜ ምስሉ ወደ 37 ይወርዳል።

ለወንድሜ በወረቀት ላይ እንዲህ ብዬ አሳየሁት። ማራገቢያ አየር ይገፋል እንጂ ብርድ አይሠራም፤ ስለዚህ ፕሮሰሰሩ የሚለካው ከክፍሉ ሙቀት በላይ ነው። በደብረ ብርሃን 15 ዲግሪ ክፍል ውስጥ ከክፍሉ በላይ 50 ቢጨምር 65 ይሆናል። በድሬዳዋ 36 ዲግሪ ክፍል ውስጥ ያው 50 ቢጨምር 86 ነው። እርግጥ የደጋ አየር ስስ ስለሆነ ማራገቢያው በአንድ ዙር የሚገፋው አየር ያንሳል፤ ብርዱ ግን ከዚያ አብልጦ ይክሳል። ፕሮሰሰሩን ከወሰኑ በላይ ለማስሮጥ ደግሞ ቮልቴጅ መጨመር ያስፈልጋል፤ የሚያወጣው ሙቀትም ከፍጥነቱ ጋር በቀጥታ፥ ከቮልቴጁ ጋር ግን በካሬው ያድጋል። ከ3.6 ጊጋኸርዝ ወደ 4.0 ብናወጣው፥ ቮልቴጁንም ከ1.20 ወደ 1.35 ብናደርሰው፥ በፍጥነት የምናገኘው 11 በመቶ ነው፤ በሙቀት የምንከፍለው ግን 40 በመቶ ገደማ ነው። ልጁ ሒሳቡን ደጋግሞ አየና «እንግዲያስ እንግዛ» አለኝ። ሒሳብ ማስተማር አንዳንድ ጊዜ በራስ ላይ ይመለሳል።

በሰኔ መጀመሪያ ቅዳሜ ጧት ሁለታችን ወጣን። አስቀድሞ ለቤት የሚሆን አስቤዛ መግዛት ስለ ነበረብን የደቻቱን ድልድይ ተሻገርን። ደቻቱ በዚያ ሰዓት ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፥ ፍየል ይተኛበታል፥ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። እንግዳ ሰው ሲያየው «ወንዙ የታለ?» ብሎ ይጠይቃል። ነገር ግን በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ፥ በሌሊት በተራራው ላይ የዘነበው ዝናብ በዚህ አሸዋ ላይ መጥቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ወስዷል። የድሬዳዋ ሰው ይህን አይረሳም፤ ዝናብ በደንገጎ በኩል ሲጠቁር ዓይኑ ወደዚያ ነው። የተረጋጋ የሚመስል ነገር ወሰኑ ሲታለፍ ምን እንደሚያደርግ ይህ ወንዝ ያስተምራል።

ከድልድዩ ማዶ ከፊራ ገበያ አለ። በዓረብ አገር ሥራ አምሳል በተሠሩት የፈረስ ኮቴ የመሰሉ ቅስቶች ሥር ሲያልፉ፥ የቅመሙ ሽታ፣ የማንጎውና የሎሚው ክምር፣ ባለ ብዙ ቀለም ልብስ የለበሱ ሴቶች ድምፅ በአንድነት ይቀበልዎታል። ሽንኩርትና ሎሚ ገዛን፤ ከዚያም ባጃጅ ይዘን ወደ ታይዋን ሄድን።

ታይዋን የምትባለው ገበያ ለዓይን ከከፊራ ትለያለች፤ ለጆሮ ግን አንድ ናት። እዚያ ስለ ማንጎ የሚደረገው ክርክር እዚህ ስለ ቻርጀር ይደረጋል። በዚያ ስም መሠረት ስለ እውነተኛዋ ታይዋን ለወንድሜ አጫወትሁት። በቤታችን ያለው የግራፊክስ ካርድ ልብ የሆነው ቺፕ የተሠራው በዚያች ደሴት፥ እ.ኤ.አ. በ1987 በተቋቋመው ቲኤስኤምሲ በሚባለው ድርጅት ፋብሪካ ነው። ማዘርቦርድና ካርድ ገጣጥመው ስማቸውን የሚለጥፉት አሱስ፣ ጊጋባይትና ኤምኤስአይም የዚያው አገር ድርጅቶች ናቸው። «እንግዲያስ ኮምፒዩተራችን አገሩ ገባ» አለኝ።

የገባንበት ሱቅ ጠባብ ነበር፤ ሻጩም ከእኔ ዕድሜ የማይበልጥ ወጣት ነው። ፕሮሰሰሩን አለው፤ በካርቶኑ ነው። ዋጋውን ሲነግረኝ ወንድሜ ወደ እኔ፥ እኔም ወደ ጣሪያው አየሁ። የሚያስገርመው ግን ሻጩ ለመሸጥ አልቸኮለም።

«ወሪያ፥ ምን ካርድ ነው ያለህ?» አለኝ።

«ጂቲኤክስ 1060።»

«ስትጫወት ካርዱ ስንት በመቶ ነው የሚሠራው?»

መዝግቤ ነበርና ወረቀቱን አወጣሁ። «በጧት 99 በመቶ» አልሁት።

«እንግዲያስ በጧት ፕሮሰሰሩ ካርዱን እየጠበቀ ነው የሚውለው። የፈለግኸውን ፕሮሰሰር ብትገዛ ፊፋው ላይ ብዙ ልዩነት አታይም። ገንዘብ ካለህ ካርድ ነው መለወጥ። ገንዘብ ከሌለህ ደግሞ ሁለተኛ ራም ጨምር፤ ሁለት ፍሬ ሲሆን መንገዱ እጥፍ ይሆንልሃል።»

ያገለገለ ካርድም አሳየን። ወንድሜ ዓይኑ ሲበራ ሻጩ ራሱ አስጠነቀቀው፤ ካርዱ ቀድሞ በምን ሥራ ላይ እንደ ነበረ አይታወቅም። ኤቴሪየም የሚባለው የዲጂታል ገንዘብ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 በግራፊክስ ካርድ መቈፈሩን ሲተው፥ ሌት ተቀን ሲለፉ የኖሩ ብዙ ካርዶች ወደ ገበያ መውጣታቸውን አንብቤ ነበር። ካርዱን አመስግነን መለስንለት። አንድ ባለ 8 ጊጋባይት ራም፣ ሁለት ማራገቢያና አንድ ቱቦ ተርማል ፔስት ገዝተን ወጣን፤ የሁሉም ዋጋ ተደምሮ ካስቀመጥሁት ገንዘብ ዐሥረኛውን አልሞላም።

ስንመለስ በአሮጌው ባቡር ጣቢያ በኩል አለፍን፤ ልጁ አንድ መስኮት በትክክል አልሣልሁም ብሎ ሊያየው ስለ ፈለገ ነው። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር የራሱ አዲስ ጣቢያ አለው፤ ይህ የከዚራው ግን የከተማዋ ልብ ሆኖ የኖረው ነው። ከጎኑ የባቡር መጠገኛው ግቢ ይገኛል። የቤታችን ባለቤት በዚያ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ጡረተኛ መካኒክ ናቸው፤ በዚያ ሰዓት ከግቢው በር አጠገብ ከቀድሞ ባልደረቦቻቸው ጋር በጥላ ሥር ተቀምጠው አገኘናቸው።

«አባባ፥ አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አልኋቸውና ሁሉንም ነገርኋቸው። ስለ ኮምፒዩተር አንዳች አያውቁም፤ ስለ መኪና ግን የማያውቁት የለም። እስከ መጨረሻው አዳመጡኝና አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ።

«ከመጣህ ወዲህ ከፍተኸው ታውቃለህ?»

ዝም አልሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ አልከፈትሁትም።

«ልጄ» አሉኝ፥ «እኛ አዲስ ሞተር ቢጠየቅ የሚመጣው ከስንት ጊዜ በኋላ ነበር። ስለዚህ አንድ ሞተር ደከመ ሲባል መጀመሪያ እናጥበዋለን፤ ቀጥሎ የጎደለውን እንሞላለን፤ ከዚያ በኋላ ነው አርጅቷል የምንለው። ከዚያ በፊት ጋዝ ረግጦ ዳገት የሚያወጣ ሰው መካኒክ አይባልም፤ ሞተር ገዳይ ነው የሚባል። ይህችን ከተማ እይ፤ ባቡሩን ሐረር እናውጣ ብለው ግድ ቢሉ ኖሮ እኔም አንተም እዚህ ባልተቀመጥን።»

ማታውን ኮምፒዩተሩን ጠረጴዛ ላይ አጋደምነው። ክዳኑ ሲነሣ ያየነውን እነግርዎታለሁ። የድሬዳዋ ነፋስ የሚያመጣው ያ ደቃቅ አቧራ በማቀዝቀዣው ክንፎች መካከል ተጠቅጥቆ እንደ ብርድ ልብስ ሆኗል። ደብረ ብርሃን ላይ በጋቢ ጠቅልዬ ያመጣሁት ኮምፒዩተር፥ ለካ ጋቢውን ሳያወልቅ ሁለት ዓመት ኖሯል! በብሩሽና በመንፊያ አጸዳነው፤ ማራገቢያዎቹ እንዳይሽከረከሩ በጣታችን ይዘን። በፕሮሰሰሩ ላይ የነበረው ፔስት ደርቆ እንደ ኖራ ይፈረፈር ነበር፤ ጠርገን አዲስ ቀባን። ሁለተኛውን ራም ሰካን፤ አንዱን ማራገቢያ ከፊት አየር እንዲያስገባ፥ ሌላውን ከኋላ እንዲያስወጣ አደረግን። ሳጥኑንም ከግድግዳው ጥግ አንሥተን አየር ወዳለበት አዛወርነው።

በማግሥቱ ከቀኑ 8 ሰዓት፥ ክፍሉ 36 ዲግሪ ሳለ፥ ፕሮሰሰሩ 83 ላይ ቆመ። ምስሉ በሰኮንድ 57 ጊዜ ታደሰ፤ መንተባተቡም ጠፋ።

ወንድሜ ግን ወጣት ነው፤ ኦቨርክሎኩን ሳይሞክር ቢቀር ሕልም ይሆንበታል። ሳይንስም መሞከር ነውና ፈቀድሁለት። ጧት በቀዝቃዛው ሰዓት ወደ 4.0 ጊጋኸርዝ አወጣነው። ፊፋው ከ61 ወደ 63 ሆነ፤ በዓይን የሚታይ ልዩነት አይደለም። ብሌንደር ላይ ግን እውነተኛ ጥቅም አየን፤ 20 ደቂቃ ይፈጅ የነበረው ሥዕል በ18 ደቂቃ አለቀ። ሙቀቱ ግን በዚያ በቀዝቃዛ ሰዓት ከ74 ወደ 88 ወጣ። ቀትር ላይ ወዴት እንደሚደርስ ማንም መደመር ይችላል። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ፥ ልጁ የጣቢያውን ጣሪያ ሲሠራ ኮምፒዩተሩ ድንገት ጠፍቶ ተነሣ፤ ያላስቀመጠው የአንድ ሰዓት ሥራ አብሮ ሄደ። ልጁ ለጥቂት ጊዜ ጥቁሩን መስኮት ሲያይ ቆየና «ጋሼ፥ ሁለት ደቂቃ አተርፍ ብዬ አንድ ሰዓት ከሰርሁ፤ ወደ ነበረበት እንመልሰው» አለኝ። እኔ ብናገረው ኖሮ ምክር ይሆንበት ነበር፤ ራሱ ስላለው ግን ዕውቀት ሆነለት።

አንባቢ ሆይ፤ እርስዎም እንዲህ ያለ ጥያቄ የገጠመዎ እንደሆነ፥ ከዚህ ጉዞ ያገኘሁትን በአጭሩ ልንገርዎ። አስቀድመው ይለኩ፤ ደከመ የተባለው ሁሉ አልደከመም፥ የታፈነም አለ። ቀጥለው ይጥረጉና የጎደለውን ይሙሉ። ካርዱ 99 በመቶ እየሠራ ከሆነ ፕሮሰሰሩን ማስሮጥም መለወጥም ለጨዋታው ብዙ አይጠቅምም። የሚኖሩት በደጋ ከሆነ፥ ማቀዝቀዣዎም መብራትዎም አስተማማኝ ከሆነ፥ ሥራዎም ፕሮሰሰሩን የሚጠብቅ ከሆነ ኦቨርክሎክ በልክ ሲደረግ ጥቅም አለው፤ በቆላ ግን ፀሐይ ድርሻዋን አስቀድማ ወስዳለች። መለወጥም የሚገባበት ቀን አለ። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ እንደ ወጣው የኢንዲያና ጆንስ ጌም፥ የብርሃን ጨረርን የሚያሰላ ልዩ ክፍል የሌለውን ካርድ ጨርሶ የማይቀበል አለ። የእኔ ካርድ ይህ ክፍል የለውም፤ ማስሮጥ ደግሞ ያለውን ያፋጥናል እንጂ የሌለውን አያበቅልም። ያን ቀን ሲመጣ እንገዛለን፤ ከእናታችን ቆርቆሮ ላይ ቀንሰን ግን አይደለም።

በነሐሴ ሁለታችን ደንገጎን ወደ ላይ ወጣን። በየመታጠፊያው ያወለቅነውን እየለበስን ደብረ ብርሃን ስንደርስ ዝናብ ነበር፤ ቆርቆሮውም በሦስት ቦታ ያፈስስ ነበር፤ አስጠገንነው። ኮምፒዩተሩን ከዚራ ተከድኖ ትተነው ነበር። ወንድሜ በስልኩ ላይ የባቡር ጣቢያውን ሥዕል ለእናታችን አሳያት፤ ግድግዳው፣ ቅስቱ፣ ሰዓቱ፣ ከፊት ለፊቱ ያለው አደባባይ ሁሉ አለ። እርሷም መነጽሯን አስተካክላ ረጅም ጊዜ አየችና «ሰዎቹስ የታሉ?» ብላ ጠየቀችው።

«የቀትር ሰዓት ነው፥ እማዬ» አላት፤ «ሁሉም ቤቱ ነው።»